ሁለት አስትሮይዶችን እንዴት እናወዳድር? በሴሬስና በቬስታ እንጀምር

ሁለት አስትሮይዶችን የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ "የትኛው ይበልጣል?" ብሎ ይነሳል። እኔ ይህን ጥያቄ ወደኋላ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው "ይህን ቁጥር ማን ለካው? በምን ለካው?" ብዬ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ካሉት አለቶች መንኮራኩር ቀርቦ ያያቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት በቴሌስኮፕ የሚታዩ የብርሃን ነጥቦች ናቸው። ስለ ነጥብ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግምት ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ጥንድ ሴሬስና ቬስታን ነው። ዶውን የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ሁለቱንም ዞራቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ተነስታ ከሐምሌ 2011 እስከ መስከረም 2012 ቬስታን ዞረች። ከዚያ ምህዋሩን ለቃ ወጣችና በመጋቢት 2015 ሴሬስ ደረሰች። ነዳጇ አልቆ ሥራዋ እስከቆመበት እስከ 2018 እዚያው ቆየች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ለማወዳደር ትልቅ ዕድል ነው። ያው ካሜራ፣ ያው ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በቀለም የሚዘረዝር መሣሪያ)፣ ያው ራዲዮ ሁለቱንም ለክተዋል። ልዩነት ስታዩ ልዩነቱ የአለቶቹ እንጂ የመሣሪያው እንዳልሆነ እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

አንድ ወረቀት ውሰዱና መሃሉን ለሁለት ክፈሉ። በግራ ሴሬስ፣ በቀኝ ቬስታ። እኔ የምጠቀምበት ደንብ ይህ ነው፦ መንኮራኩር ሄዶ የለካውን በእስክሪብቶ፣ ከመሬት ሆኖ የተገመተውን በእርሳስ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ሲሞላ የትኛው ድምዳሜ በምን ላይ እንደቆመ በአንድ እይታ ይታያል። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ከሌላው ምክር ሁሉ አንድ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ቁጥሮቹን ከየት ታመጣላችሁ? የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለማንም ክፍት የሆነ የትናንሽ አካላት የመረጃ ቋት አለው። የአለቱን ስም ወይም ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ ምህዋሩን፣ ብሩህነቱን፣ ዲያሜትሩን፣ የሚሽከረከርበትን ጊዜ ያወጣላችኋል። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የስህተት ህዳግ ካለ እሱንም ገልብጡት። ከአለቱ ስም በፊት ያለው ቁጥር ግን ስለ ትልቅነት ምንም አይነግራችሁም፤ የምዝገባ ተራ ነው። ሴሬስ 1 ቁጥር የያዘችው ጁሴፔ ፒያሲ በ1801 የመጀመሪያው ቀን ከፓሌርሞ ሆኖ ከሁሉም ቀድሞ ስላገኛት ነው። ቬስታን ሃይንሪሽ ኦልበርስ በ1807 አገኛት፤ አራተኛ ናት። በ2006 ሴሬስ ድንክ ፕላኔት ተብላ ተመድባለች። ለእኛ ሥራ ይህ ምንም አይለውጥም፤ ምህዋሯ ያው ቀበቶው ውስጥ ነው።

መጀመሪያ አድራሻቸውን ሙሉ። ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 1 ብንለው፣ ቬስታ በአማካይ 2.36 ላይ፣ ሴሬስ 2.77 ላይ ናቸው። ከዚህ አንድ ቁጥር ሁለት ነገር ማውጣት ይቻላል። አንደኛው ዓመታቸው ነው። ርቀቱን ለራሱ ሦስት ጊዜ አባዙና የውጤቱን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። ለቬስታ 3.6 ዓመት፣ ለሴሬስ 4.6 ዓመት ይመጣላችኋል። ይህ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው፤ በካልኩሌተር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሁለተኛው የፀሐይ ብርሃን ነው። 1ን ለርቀቱ ካሬ ስታካፍሉ ቬስታ እኛ ከምናገኘው 18 በመቶ፣ ሴሬስ 13 በመቶ ያህል እንደሚደርሳቸው ታያላችሁ።

ሌላም ምልክት አድርጉ። በ2.5 ላይ ባዶ ሊባል የሚችል ክፍተት አለ። ዳንኤል ኪርክውድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነው። እዚያ የሚገኝ አለት ጁፒተር አንድ ጊዜ ፀሐይን ስትዞር እሱ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የጁፒተር ስበት በየጊዜው በተመሳሳይ ቦታ ስለሚጎትተው ምህዋሩ እየተለጠጠ ይሄድና በመጨረሻ ከቀበቶው ይወጣል። ቬስታ ከክፍተቱ ወዲህ፣ ሴሬስ ከክፍተቱ ወዲያ ናት። ይህን አሁን ጻፉት፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ቀጥሎ ብሩህነት ነው። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

በሰማይ ላይ ቬስታ ከሴሬስ ትደምቃለች። ጥሩ ጊዜ ላይ ስትሆን፣ በጨለማ ሰማይ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በአይን ለመታየት የምትበቃ ከቀበቶው አንዷ እሷ ናት። ሴሬስ ባይኖኩላር ትፈልጋለች። እኔ ቬስታን የማያት በ10 በ50 ባይኖኩላር ነው። በዙሪያዋ ያሉትን ኮከቦች በእርሳስ እስላለሁ፤ በሌላ ምሽት ተመልሼ ሥዕሉን ከሰማዩ ጋር አስተያያለሁ። ቦታዋን የለቀቀችው ነጥብ ቬስታ ናት። ያቺ ነጥብ ተራራና ሸለቆ ያላት ዓለም መሆኗን እያወቁ ማየት ደስ ይላል። እንዴት ደስ እንደሚል ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ግን ከዚህ ተነስታችሁ "ቬስታ ትበልጣለች" እንዳትሉ። ከመሬት የምናየው ድምቀት ሦስት ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው፦ የአለቱ ርቀት፣ የአለቱ ትልቅነት፣ እና ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ። አንድ በአንድ መነጠል አለባቸው።

ርቀትን የሚያስወግድላችሁ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ኤች በሚል ፊደል የተቀመጠው ቁጥር ነው። አለቱ ከፀሐይም ከእኛም በ1 ርቀት ላይ ሆኖ፣ ሙሉ ፊቱ በርቶ ቢታይ ምን ያህል ይደምቅ ነበር የሚለውን ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል፤ 5 ቁጥር ልዩነት 100 እጥፍ ነው። አሁን ሁለቱን ተመልከቱ። ሴሬስ ወደ 3.3፣ ቬስታ ወደ 3.2። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! በሰማይ ላይ ያየነው ልዩነት በአብዛኛው ቬስታ ስለምትቀርበን የመጣ ነው።

አሁን አልቤዶ የሚባለውን ጨምሩ። ገጹ የሚመልሰው የብርሃን ድርሻ ነው። ሴሬስ 0.09፣ ቬስታ 0.42። ሴሬስ እንደ ከሰል የጠቆረች ናት፤ ቬስታ ከትልልቆቹ አስትሮይዶች ሁሉ የነጣች። ታዲያ እንዲህ ያለች ጥቁር አካል ከነጭ ጋር እኩል የምትደምቅ ከሆነ በጣም ትልቅ መሆን አለባት። ይህን ሐሳብ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ቀመር አለ፦ 1329ን በአልቤዶው ስኩዌር ሩት አካፍሉ። ኤችን ደግሞ ለ5 አካፍሉ፤ 10ን በዚያ ቁጥር ከፍ አድርጉ። የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው ስታካፍሉ ዲያሜትሩ በኪሎ ሜትር ይወጣል።

ለሴሬስ እንሥራው። የ0.09 ስኩዌር ሩት 0.3 ነው። 1329 ሲካፈል ለ0.3፣ 4430። 3.3 ለ5 ሲካፈል 0.66፤ 10 በ0.66 ከፍ ሲል 4.57። 4430ን ለ4.57 አካፍሉ፤ 970 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለቬስታ በዚያው መንገድ 470 ገደማ ይመጣል። ሁለቱም በእርሳስ ይጻፋሉ። አጠገባቸው ዶውን የለካችውን በእስክሪብቶ አስፍሩ፦ ሴሬስ 940፣ ቬስታ በአማካይ 525። ቀመሩ ሴሬስን በ3 በመቶ ያህል አሳበጣት፣ ቬስታን በ10 በመቶ ያህል አሳነሳት። ከነጥብ ብርሃን ተነስቶ እዚህ መድረስ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም አልቤዶውን ስለምናውቅ ነው እንጂ ባናውቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የማይታወቅ አልቤዶ ከ0.05 እስከ 0.25 ሊሆን ይችላል ብላችሁ ሁለቱን ጫፎች ብትሞክሩ ዲያሜትሩ ከ2 እጥፍ በላይ ይለያያል። በዝርዝር ውስጥ "ይህ አለት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው" ተብሎ ስታነቡ አልቤዶው ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ቅርጽ አንድ ቃል ብቻ። ሴሬስ ክብ ልትባል የምትችል ናት። ቬስታ ግን ከላይና ከታች የተጫነች ናት፤ ሦስቱ ዲያሜትሮቿ 573፣ 557 እና 446 ኪሎ ሜትር ናቸው። አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ ብትጽፉ ይህ ይጠፋባችኋል።

አሁን ወደ ክብደት። ክብደትን ከብርሃን ማወቅ አይቻልም። ስበቱ የሚጎትተው ነገር ያስፈልጋል፦ የምትዞረው መንኮራኩር፣ ወይም የራሱ ጨረቃ፣ ወይም በአጠገቡ የሚያልፍ ሌላ አለት። ዶውን ስትዞር ፍጥነቷ በስበት ምክንያት ሲጨምርና ሲቀንስ የራዲዮ ሞገዷ ላይ ይታያል። ከዚያ የመጣው ክብደት ለሴሬስ 9.39 × 10²⁰ ኪሎ ግራም፣ ለቬስታ 2.59 × 10²⁰ ኪሎ ግራም ነው። ሴሬስ 3.6 እጥፍ ትከብዳለች። ከቀበቶው ጠቅላላ ክብደት ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ብቻዋን ይዛለች።

እዚህ ጋ ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ሴሬስ በስፋት ከቬስታ 1.8 እጥፍ ያህል ናት። ሁለቱ ከአንድ ዓይነት ነገር ቢሠሩ ኖሮ ክብደቷ ስንት መሆን ነበረበት? 1.8ን ለራሱ ሦስት ጊዜ አባዙት፤ 5.8። የተለካው ግን 3.6 ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ከሠንጠረዡ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ነው። ሴሬስ ውስጥ ቀለል ያለ ነገር አለ ማለት ነው።

በእፍጋት ቋንቋ እናስቀምጠው። ክብደቱን ለይዘቱ ስታካፍሉ ሴሬስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.16 ግራም፣ ቬስታ ወደ 3.4 ገደማ ይሆናሉ። ለማነጻጸሪያ በረዶ 0.92፣ ውሃ 1፣ ተራ አለት 3 ገደማ፣ ብረት 7.9 ነው። ቬስታ ከአለት ትንሽ ትከብዳለች፤ ውስጧ ብረት አለ። ሴሬስ ከአለት በጣም ትቀልላለች፤ ውስጧ ውሃና በረዶ አለ፤ ከክብደቷ ሩብ ያህሉ ውሃ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ይህን ሁሉ ያወቅነው አንድም ጉድጓድ ሳንቆፍር ነው።

እፍጋት ላይ ጥንቃቄ የሚያሻ ነገር አለ። ይዘት የሚሰላው ዲያሜትሩ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ዲያሜትሩ ላይ ያለ 10 በመቶ ስህተት እፍጋቱ ላይ 30 በመቶ ያህል ይሆናል። በእርሳስ ከተጻፈ ዲያሜትር የወጣ እፍጋት በእስክሪብቶ አይጻፍም።

የሚሽከረከሩበትን ጊዜ በፍጥነት እንለፈው። ሴሬስ በ9.07 ሰዓት፣ ቬስታ በ5.34 ሰዓት አንድ ዙር ይጨርሳሉ። የሚለካው ድምቀቱ ከፍና ዝቅ ሲል በመከታተል ነው። ሞላላ አለት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደምቃል፤ ሰፊ ጎኑ ሁለቴ ስለሚዞርልን። ቬስታ ግን አንደኛው ግማሽ ገጿ ከሌላው ስለሚነጣ በአንድ ዙር አንዴ ትደምቃለች። በዚህ የተነሳ ቀኗ 5.34 ሰዓት ነው ወይስ እጥፉ የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። ከብርሃን መለዋወጥ ብቻ የተገኘ ጊዜ ካያችሁ "እጥፉ ወይም ግማሹ ሊሆን ይችላል?" ብላችሁ አስቡ።

ቀጥሎ ገጽ። ሥዕሎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ትልልቆቹን የግጭት ጉድጓዶች ፈልጉ። በቬስታ ደቡብ ዋልታ ሬያሲልቪያ የሚባል ጉድጓድ አለ፤ ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከራሷ ከቬስታ አማካይ ስፋት ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። መሃሉ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉብታ ቆሟል። በሴሬስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ ጠባሳ አታገኙም። ግልጽ ሆኖ ከሚታዩት ትልቁ ኬርዋን ነው፤ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሴሬስ ትልቅ ዒላማ ሆና ሳለ ለምን ትልልቅ ጉድጓድ አጣች? አንዱ የሚሰጠው ምክንያት ቅርፊቷ በረዶና ጨው የተቀላቀለበት ስለሆነ ትልቅ ጉድጓድ በረጅም ዘመን ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ይለሰልሳል የሚል ነው። አያችሁ፣ እፍጋቱ የነገረንን ነገር ገጹ ደገመው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ሲያደርሱ ልባችሁ ይረጋ።

በሴሬስ ላይ ኦካቶር የሚባለውን ጉድጓድም ተመልከቱ፤ ስፋቱ 92 ኪሎ ሜትር። ዶውን እየቀረበች ስትመጣ ሁሉንም ያስገረሙት ነጫጭ ነጥቦች ያሉት እዚያ ነው። በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ጨዋማ ውሃ ከሥር ወጥቶ ሲተን የቀረ ዝቃጭ። አሁና ሞንስ የሚባለው ተራራም ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከውስጥ በወጣ ጨዋማ ጭቃና በረዶ እንደተሠራ ይታሰባል።

የመጨረሻው ረድፍ "ናሙናው በእጃችን አለ ወይ?" ነው። የቬስታ አለ። የአንድ አካል ገጽ የሚመልሰውን ብርሃን በቀለም ስትዘረዝሩ የማዕድኑ አሻራ ይታያል። በ1970 የቬስታ አሻራ ዩክራይት ከሚባሉ ሜትሮራይቶች (ከሕዋ መሬት ላይ ከወደቁ ድንጋዮች) ጋር እንደሚመሳሰል ታወቀ፤ ከቀለጠ አለት የተፈጠሩ ድንጋዮች ናቸው። ዶውን ይህን አጠናከረችው። ሲወድቁ ከታዩ 100 ሜትሮራይቶች ውስጥ ወደ 6 የሚጠጉት የዚህ ቤተሰብ ናቸው። እንዴት እዚህ ደረሱ? በ2.5 ላይ ያለውን ክፍተት አስታውሱ። እነዚያ ትልልቅ ግጭቶች ከቬስታ የፈነጠሩት ፍርስራሽ ወደ ክፍተቱ ሲጠጋ ጁፒተር ከቀበቶው ታወጣዋለች፤ አንዳንዱ ወደ መሬት ይመጣል። የሴሬስ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቀስ ሜትሮራይት ግን የለም። በዚያ ሳጥን ውስጥ "የለም" ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ አትተዉት።

አሁን ሠንጠረዡን ወደ ታሪክ መለወጥ ይቻላል። ቬስታ የፀሐይ ሥርዓት ገና ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተሠራች። በዚያን ጊዜ አሉሚኒየም 26 የሚባል ቶሎ የሚከስም ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ብዙ ነበር። ሙቀቱ አቀለጣት፤ ብረቱ ወደ መሃል ሰመጠ፣ ላይዋ በላቫ ተሸፈነ። ሴሬስም ውስጧ ሞቋል፤ ግን እንደ ቬስታ አልቀለጠም። በረዶዋ ቀልጦ ከአለቱ ጋር ተዋሃደና ሸክላ ሠራ። በዚያ ሸክላ ውስጥ አሞኒያ ተገኝቷል። አሞኒያ በቀዝቃዛ ቦታ የሚቆይ ነገር ስለሆነ ሴሬስ ከጁፒተር ወዲያ ተወልዳ መጣች ወይስ ከዚያ የመጣ ቁስ ተቀበለች የሚል ክርክር አስነስቷል። ይህን የመጨረሻውን በእርሳስ ጻፉት።

ይህን ጥንድ ከጨረሳችሁ በኋላ ከበድ ወዳለው ሂዱ። እኔ ማቲልድንና ሉቴሺያን እመክራለሁ። በሁለቱም አጠገብ መንኮራኩር በፍጥነት አልፏል እንጂ አልዞራቸውም። ኒር የተባለችው መንኮራኩር በ1997 ማቲልድን፣ ሮዜታ በ2010 ሉቴሺያን አዩ። ማቲልድ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት፣ 1.3 እፍጋት አላት፤ አንድ ዙር ለመሽከርከር ከ17 ቀን በላይ ይፈጅባታል። ሉቴሺያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 3.4 እፍጋት፣ 8 ሰዓት ከሩብ ያህል። ማቲልድ ስለቀለለች ብቻ እንደ ሴሬስ በበረዶ የተሞላች ናት ብላችሁ አትቸኩሉ። በትንሽ አካል ውስጥ ስበቱ ደካማ ስለሆነ ክፍት ቦታ ሳይጨፈለቅ ይቀራል፤ ማቲልድ ግማሽ ያህሏ ባዶ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ለትናንሾቹ "ከምን ተሠራ?" ከሚለው በፊት "ምን ያህሉ ባዶ ነው?" የሚል አንድ ረድፍ ጨምሩ።

ሳይኪ የምትባለውን አስትሮይድ ከአንዱ ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተገመተበትን ዓመት ጻፉ። የእፍጋቷ ግምት በየጊዜው ብዙ ተቀይሯል፤ በአንድ ወቅት ወደ ብረት የቀረበ ነበር፣ የቅርቦቹ 4 ገደማ ላይ ናቸው። በጥቅምት 2023 ወደ ሳይኪ የተነሳችው የናሳ መንኮራኩር በ2029 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። እስከዚያ የሳይኪ ረድፍ በሙሉ በእርሳስ ይሁን።